ብሎን የለውም

ሱቄ ፖርቶ ውስጥ ነው፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ፣
ቁልቁለቱ መሀል እንደ ኮት ተሰቅሎ፤
ትራም ባለፈ ቁጥር ብሎኖቼ ሁሉ
በየጠርሙሳቸው ይንቃጨላሉ።

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ካውያ ስፈታ፣
የታፈነ ራዲዮ ሳናግር ማታ ማታ፣
«አዴሊኖ ከነካው ይነሳል» እየተባልኩ
በሰው ዕቃ ትንሣኤ ስሜን ሳድስ ኖርኩ።

ዘንድሮ ግን መፍቻ ከማንሳቴ በፊት
እርሳስ ነው የማነሳ፣ ሂሳብ ለማስላት።
«ሞተሩ ሃያ ሁለት፣ የእጄ አስራ አምስት።»
«አዲሱስ?»
«ሃያ ዘጠኝ። ከነካርቶኑ።»
ከዚያ ዝም እንላለን።
እኔም ዝም፣ ሰውየውም ዝም፣ መፍጫውም ዝም።
(መፍጫውስ ድሮም ዝም ብሎ ነው የመጣው።)
ትተውት ይሄዳሉ። ጓዳዬ ሞላ።
ሐኪም አልጠፋም፣ መድኃኒትም አለ፤
ዋጋው ነው ከበሽተኛው ዋጋ ያየለ።

ዶና ሉዶቪና ማክሰኞ ዕለት መጡ፣
ማተሚያ ታቅፈው ዳገቱን የወጡ።
የውል ጸሐፊ ነበሩ፤ ጡረታ ቢወጡም
ወረቀት ሳይነኩ ውለው አያድሩም፤
ለሠፈሩ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች
ሎተሪ ያትማሉ፦ አንድ የአሳማ ጭን፣ ሁለት ወይን፣ ሦስት ዶሮዎች።

«ቀለም አለቀ ይለኛል» አሉ። «ትሞላልኛለህ?»
ከፈትኩት። ቀፎውን ከጆሮዬ አስጠግቼ ነቀነቅኩት።
ቀለም አለ፤ ይናጣል፣ ይሰማል።
ግን ጥፍር የማታህል ቺፕ «አልቋል» ብላ ትምላለች፤
ምስክር አትጠራ፣ ዳኛዋም እሷው ነች።

«ቀለሙ አርባ ሰባት ዩሮ፤ አዲሱ ማተሚያ
ሰላሳ ዘጠኝ ነው፣ ከነቀለሙ፣ ከነመጠቅለያ።»
ደግሜ ደመርኩላቸው። ምን ይደመራል?
ፈረሱን መርቀው ገለባውን በወርቅ ሲሸጡ፣ ቁጥር ምን ያደርጋል?

መዋሸት እችል ነበር። «አዲስ ይግዙ» አልኩ።
«ይሄንንስ?»
«እዚሁ ይተዉት» ብዬ ጓዳዬን ጠቆምኩ።
በሩን ገፋ አድርገው አዩ፤ አምስት ማተሚያ፣ አንዱ ባንዱ ላይ፣
ድመቴ ተኝታ ከሁሉም በላይ።
ምንም አላሉኝም። የራሳቸውን መልሰው አቀፉ፣
ቁልቁለቱን ወርደው በጥጉ በኩል አለፉ።

ዓርብ፣ የራሴ የውሃ ማፍያ ጨሰ።
በሽታውን ዐውቃለሁ፤ ሳልፈታው ነው የማውቀው፤
አንዲት የሙቀት መቆጣጠሪያ። ዘጠኝ ዩሮ። ማስመጫዋ ስድስት።
ከታች ሱፐርማርኬቱ ውስጥ አዲሱ ማፍያ አስራ አንድ።

ሊዘጋ ሲል ሄድኩ፣ ባርኔጣዬን ደፍቼ፤
ዕቃውን አንስቼ ከኮቴ ሥር ከትቼ
ሰልፍ ያዝኩ፣ በስድሳ ስድስት ዓመቴ፣
እንደ ሌባ፣ ያውም ልከፍልበት።

ከፊቴ ሉዶቪና፣ ጥቅል ጎመን ታቅፈው።
ከጎመኑ ሥር አንዲት ትንሽ ካርቶን ብቅ ብላለች።
ማተሚያ አይደለችም።
ቀለም! ባለ አርባ ሰባቷ።

ዞር ሲሉ ዐዩኝ። ኮቴን ዐዩ።
ከኮቴ ያፈነገጠውን እጀታ ዐዩ።
እኔም ጎመኑን ዐየሁ።
«ዝናቡ ጠናብን» አሉ።
«ጠናብን» አልኩ።
ሰማዩ ሳምንቱን ሙሉ ጠብ አላደረገም ነበር።

ቤት ገብቼ ማፍያውን ገለበጥኩት።
ብሎን የለውም።
ወገቡን በጥፍሬ ዳሰስኩት፤ ስፌት እንኳ የለውም፣
እንደ እንቁላል አንዴ ተዘግቶ የተወለደ።
መፍቻው እጄ ላይ ነበር፤ መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም።
ውሃ ሞላሁበት፣ ሰካሁት፣
እንዲጮህ፣ እንዲያፈስ፣ አንዳች ነገር እንዲያጎድል
አጠገቡ ቆሜ ጠበቅኩት።

ፈላ።
ከአሮጌው ቀድሞ ፈላ።
እሱ ነው ያናደደኝ።